የኋላ እግር

ሰጋሜትሲ በጎማ መፍቻው ክንድ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ ዘለለች። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። ደግማ ዘለለች። መፍቻው ሾልኮ ወደቀና እሷም በአንድ ጉልበቷ ጠጠሩ ላይ አረፈች።

"ምንም አልሆንኩም" አለች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ባሏ ሞዲሪ ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ ከአንድ ሞፓኔ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ወንበሯ ለሆስፒታል ወረፋ ብለው ከቤት የያዟት ታጣፊ ወንበር ናት። ቀኝ እጁ እንደ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። በግራ እጁ ከዘራውን አንሥቶ ወደ መፍቻው ጠቆመ፤ ከዚያ ከዘራውን ወደ ታች ተጫነ፣ ተጫነ።

"እየተጫንኩ እኮ ነው! ምን ላድርግ፣ ክብደት ከየት ላምጣ?"

ከዘራውን ወደ መፍቻው ጫፍ አዞረ። እሷ የቆመችው ከክንዱ መሐል ላይ ነበር። ወደ ጫፉ ፈቀቅ ብላ ረገጠችው። ዳዶው ሲጢጥ ብሎ ተላቀቀ።

ከሚኖሩባት ከናታ ከወጡ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ፊት ለፊት የመጣ ከባድ መኪና ወደ መስመሯ ገባ ሲልባት ወደ ግራ፣ ወደ ራሷ ዳር ሸሸች፤ የአስፋልቱ ጠርዝ እንደ ቢላ የተቆረጠበት ጉድጓድ ነበርና የፊት ግራ ጎማው ጎኑን ተተርትሮ ፈነዳ። መኪናዋን ሳትገለብጥ ያቆመችው በምን እንደሆነ እስካሁን አታውቀውም። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ዕድሜዋ ደግሞ ሃምሳ ሦስት። ከሦስት ወር በፊት መሪ የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም ነበር። ምን ቆርጧት? ባሏ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከደርባን እስከ ሉቡምባሺ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው።

ከሰባት ወር በፊት ግን አንድ ማለዳ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ስትሮኩ ቀኝ ጎኑንና ቃላቱን ይዞበት ሄደ። የቀሩት አሥር ቢሆኑ ነው። "አይ"፣ "አዎ"፣ "ውሃ"፣ "ቤት"፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሳይነካ ተርፎለታል፤ እሱም በመንገድ ዘመኑ ለአህያና ለከብት ሲጮኸው የኖረው ነው፦ "ከመንገድ ውረድ፣ አንተ የማትረባ!" ጎረቤቶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ሰጋሜትሲ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

ፍራንሲስታውን ወዳለው ሆስፒታል በየሦስት ወሩ አንዲት የንግግር ሐኪም ከዋና ከተማው ትመጣለች። አንድ ቀን ውላ ትመለሳለች። ያለፉት ሁለት ቀጠሮዎች አመለጧቸው። በመጀመሪያው ሞዲሪ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄዶ "ቤት" አለና አልሳፈርም ብሎ ቆመ። በሁለተኛው በሰው መኪና ሆስፒታሉ በር ላይ ከደረሱ በኋላ "ቤት፣ ቤት" እያለ ወደ ኋላ ዞረ፤ ዘበኛውና እሷ ለምነውት አልሆነም። ሰጋሜትሲ መንዳት የተማረችው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሦስተኛው ነው፤ ቀጠሮው አራት ተኩል ላይ ነበር።

ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ከመኪናው ጀርባ ያለውን ዕቃ ሁሉ አወረደች፤ ለእህቷ የያዘችውን ጆንያ የማሽላ ዱቄት፣ የውሃ ጀሪካኑን፣ በጨርቅ የጠቀለለችውን ቦምቦሊኖ መሰል ማጉዊንያ። የወለሉን ምንጣፍ ስትገልጥ ተጠባባቂው ጎማ ተጋድሞ አገኘችው። ቸርኬው ቢጫ ነው፤ ጎማው ከመዳፏ ስፋት ብዙም አይበልጥም። መኪናዋን ከጃፓን አሮጌ ገበያ መርጦ ያስመጣት ሞዲሪ ራሱ ነበር፤ መጥታ በወሩ ታመመ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለች አንከባልላ እያመጣችው። "የአህያ ጋሪ ጎማ እንኳ ከዚህ ይወፍራል። አንተ ነህ ይህን የገዛኸው?"

ሞዲሪ ጎማውን ሲያይ ከወንበሩ ሊነሣ ሞከረ። "ኋላ" አለ።

"ምን?"

"ኋላ። ኋላ።" ከዘራውን ወደ መኪናው ጀርባ ዘረጋ። የመኪናው ጀርባ ወደ መጡበት ወደ ናታ የዞረ ነበር።

ሰጋሜትሲ ጎማውን ለቀቀችው። ጥቂት ተንከባሎ ወደቀ።

"ወደ ኋላ? ወደ ቤት?"

"ኋላ!"

"ዛሬ የለም! ሰማኸኝ፣ የፓኮ አባት? ጎማ የፈነዳው ለአንተ ደስ እንዲልህ አይደለም። በእንብርክኬም ቢሆን እደርሳለሁ።"

"አይ። አይ። ኋ..." ፊቱ ቀላ፤ የአፉ ቀኝ ጫፍ ምራቅ አቀረረ። ከዘራውን መሬት ላይ ወረወረው።

"ወርውር። እሱንም እኔው አነሣዋለሁ።"

ክሪኩን የት እንደሚገባና ድንጋዩ የት እንደሚደረግ ከጻፈችበት ማስታወሻዋ ጋር እያስተያየች አስገባች፤ የመንጃ ትምህርት ቤቱ ነገር ሁሉ በደብተር ነበር የተሰጣት። ቀጭኑን ጎማ የፈነዳው በነበረበት በፊት ግራ አሰረች። የፈነዳውን ከጀርባ ጫነች፣ ባሏን አስነሥታ አስገባች፣ ቀበቶውን አሰረችለት። እሱ አላያትም።

መኪናዋ ስትነሣ ገና መሪው እጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ግራ ይጎትታታል፤ ባቀናችው ቁጥር ተመልሶ ይሸሻል። ሃምሳ ላይ ስትደርስ ከሞተሩ በታች አንድ ነገር ይጮኻል። በዳሽቦርዱ ላይ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ቢጫ መብራት በራ።

"ኋላ!" አለ ሞዲሪ። በግራ መዳፉ ዳሽቦርዱን መታው። "ኋላ! ኋላ!"

"ተው! አታስደንግጠኝ!"

ከበስተኋላዋ አንድ ተሳቢ ጥሩምባውን እየነፋ መጣና አለፋት። የነፋሱ ምት መኪናዋን ገፋት። ደንግጣ ፍሬን ያዘች፤ የመኪናዋ አፍንጫ በአንዴ ወደ ግራ ተጠመዘዘ፣ ከአስፋልቱ ወርዳ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተች፣ ከቁጥቋጦ ሥር አቧራ ለብሳ ቆመች።

ሰጋሜትሲ ሞተሩን አጠፋች።

"ምን አደረግሁህ?" አለች ሰጋሜትሲ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ። "ሰባት ወር አጠብኩህ። አጎረስኩህ። በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ተሰልፌ መንዳት ተማርኩ፤ ሦስቴ ወድቄ በአራተኛው አለፍኩ። እንዲህ የሆንኩት ለማን ብዬ ነው? አንተ ግን ቤት፣ ቤት፣ ቤት! ልትገድለን ነው እንዴ?"

ሞዲሪ ቀበቶውን በግራ እጁ እየታገለ ፈታ። በሩን ከፈተ።

"የት ነው? በእግርህ ልትመለስ ነው? ሂድ! ሂድ አላቆምህም!"

ወረደ። የመኪናውን ጎን ተደግፎ ቀኝ እግሩን ጠጠር ላይ እየጎተተ ሄደ። በመስታወቱ ስታየው ከኋላው በር አለፈ፣ እየተንገዳገደ ጎንበስ አለና ጠፋት። ወደቀ ብላ ዘላ ወጣች።

አልወደቀም። ከኋላው ግራ ጎማ አጠገብ አቧራው ላይ ተቀምጧል። በመዳፉ ጎማውን ጥፊ እንደሚመታ ሰው መታው።

"ኋላ" አለ።

ከዚያ በጣቱ ወደ ፊት፣ ወደ ቀጭኑ ጎማ ጠቆመ። "አይ።"

ሰጋሜትሲ ጎማውን አየች፣ እሱን አየች።

"ትንሿ... ትንሿ ጎማ ናት ኋላ?"

ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን ነቀነቀ።

"ከኋላ ልሰራት? የኋላውን ደህናውን ደግሞ ወደ ፊት?"

"አዎ። አዎ። አዎ።"

"ሞተሩ የሚጎትተው በፊት እግሯ ስለሆነ ነው፤ መሪውም ፍሬኑም ከዚያ ነውና..." ይህን መምህሩ አንድ ቀን ብሎት ነበር፤ ፈተና ላይ ስለማይመጣ አልጻፈችውም።

ሞዲሪ ወደ ላይ አያት። "ቤት አይ" አለ በዝግታ። "ቤት... አይ።"

አጠገቡ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። ልታለቅስ ነበር፤ ግን ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

"በል" አለች አፍንጫዋን ጠርጋ። "ንገረኝ። አንድ ክሪክ ነው ያለን። የኋላውን ስፈታ መኪናዋ በምን ትቆማለች? ትንሿ ፊት ላይ ታስራለች።"

ሞዲሪ ከዘራውን አምጪ ብሎ በምልክት ጠየቃትና በጫፉ አቧራው ላይ አራት ክቦች ሳለ። አንዱን አጠፋ። ከዚያ ወደ መኪናው ጀርባ፣ ወደ ጫነችው የፈነዳ ጎማ ጠቆመ፤ ከዘራውንም በጠፋው ክብ ላይ ተከለው።

"የፈነዳውን? እሱ እኮ አይረባም።"

ከዘራውን ደጋግሞ ተከለው። በግራ እጁ የማይሠራውን ቀኝ እግሩን ቸብ ቸብ አደረገና አሳያት።

ገባት። የፈነዳው ጎማ አይሄድም እንጂ ቁሞ መደገፍ ይችላል። መጀመሪያ ደህናውን ከኋላ ፈትቶ የፈነዳውን በቦታው ለምርኩዝ ማሰር፤ ከዚያ ትንሿን ከፊት አውጥቶ ደህናውን እዚያ ማሰር፤ በመጨረሻ የፈነዳውን አንሥቶ ትንሿን ከኋላ። ሦስት ጊዜ ክሪክ።

ሥራውን ጀመረች። ዳዶዎቹን ስታጠብቅ አንዱን ከአጠገቡ ካለው ቀጥሎ ልታዞር ስትል ከዘራው እጇን ይነካታል፤ በመስቀል፣ ከወዲህ አንዱን፣ ከዚያ ማዶውን። ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ማድረግ ስትረሳ ከዘራው ድንጋዩን ይመታል። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፤ ቀሚሷ ጥቁር ሆኗል። እያሰረች ግን ልቧ ከጎማው ላይ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቷ ልትጠይቀው መጥታ "ያውቀኛል?" ስትላት፣ እሷ እዚያው ፊቱ፣ "ተይው፣ አሁን እንደ ሕፃን ነው፤ አይገባውም" ብላ ነበር። እሱ ግድግዳውን ይመለከት ነበር። ምን ያህሉን ሰምቷል? ሁሉንም። ሰባት ወር ሙሉ ሁሉንም።

"የፓኮ አባት" አለች መፍቻውን ሳትለቅ።

"እ።"

"ምንም" አለች።

ዱክዊ ሲደርሱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ ቀጠሮው ልክ በዚያች ደቂቃ ነበር። መኪናዋ አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ጀርባዋ ብቻ በጎደለ እግር እንደሚሄድ ሰው ወደ ግራ ዘንበል ብላለች። ከከብት በሽታ መቆጣጠሪያው ኬላ አለፍ ብሎ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ ጎሚስታ ነበር። ባለቤቱ ዱሚሳኒ የሚባል፣ ከዚምባብዌ መጥቶ እዚያው ያረጀ ቀልደኛ ሰው ነው። የፈነዳውን ጎማ አገላብጦ አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

"እናቴ፣ ይኼ ሞቷል። ቀብሩ ብቻ ነው የቀረው።"

"ልኩ ሌላ አለህ?"

"የእርስዎ አሥራ አምስት ኢንች ነው። እኔ ጋ ያለው አሥራ አራትና አሥራ ስድስት። አሥራ ስድስቱን በግድ ላስገባልዎት?"

"አይ!" አለ ሞዲሪ ከመኪናው ውስጥ።

"አባትየው ተቆጡ" አለ ዱሚሳኒ ለሰጋሜትሲ። "እንግዲህ ፍራንሲስታውን ድረስ መቶ ሠላሳ ነው፤ ትንሿ ትችለው እንደሆነ አላውቅም። እሷ ጎማ ቤት ድረስ እንድታደርስ እንጂ አገር እንድታስጎበኝ አልተሠራችም። ንፋሷን ልይ።" መለኪያውን ሰካ። "አንድ ነጥብ አምስት! በባዶ ነው የመጣችሁት። ሁለት ነጥብ ሁለት አድርጌላችሁ ሂዱ።"

ከመኪናው ውስጥ መስታወት ተንኳኳ። ሞዲሪ በመስኮቱ አራት ጣት አውጥቷል።

"ምን ይላሉ?"

"አራት" አለች ሰጋሜትሲ። "አራት ሙላ ይልሃል።"

"እናቴ፣ አራት ለጭነት መኪና ነው። ይፈነዳል! አባትየው ምናልባት ትንሽ..." ጣቱን ወደ ግንባሩ ሊያነሣ ሲል የሰጋሜትሲን ፊት አየና ተወው። ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን በምራቁ አርሶ ጠረገ። ቆይቶ "ውይ" አለ። "አራት ነጥብ ሁለት ይላል። እዚህ ተጽፏል።" ቀጥ ብሎ ቆመ። "እዚህም ሰማንያ ይላል፤ ከሰማንያ በላይ እንዳይነዱ። አባቴ ሹፌር ነበሩ እንዴ?"

"ሃያ ሰባት ዓመት፣ ተሳቢ" አለች ሰጋሜትሲ።

ሞዲሪ የመለሰችለትን ሰምቶ ዘወር ብሎ አያት።

ዱሚሳኒ ንፋሱን ሞላ። "ክብደት ቀንሱላት" አለ። የማሽላውን ጆንያና ጀሪካኑን እሱ ጋ አስቀመጡ። ለንፋሱ ምንም አልቀበልም አለ፤ አንድ ማጉዊንያ ግን አንሥቶ እየበላ ሸኛቸው።

ከዱክዊ በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሰጋሜትሲ ሁለት ነገር ብቻ ታያለች፤ የፍጥነቱን ቀስትና ሰዓቱን። ሐኪሟ የምትቆየው እስከ ሰባት ሰዓት ነው። በሰባ ቢሄዱ ምናልባት ይደርሳሉ፤ ምናልባት። ከባድ መኪኖች ከኋላዋ ይመጡና ተጣብቀው ጥሩምባ ይነፋሉ። ዳር ይዛ ታሳልፋቸዋለች። ባለፉ ቁጥር ትንሿ ጎማ ከሥሯ ስትወላከፍ በወንበሩ በኩል ይሰማታል። ትፈነዳለች? ድምፅ ይሰጣል መጀመሪያ? ወይስ እንደ ጠዋቱ በአንድ ጊዜ?

አምስት ሰዓት ሲያልፍ እግሯ ሳታውቀው ከበደ። ሰማንያ አምስት፤ ዘጠና።

ሞዲሪ በጣቱ የፍጥነት መለኪያውን መስታወት መታ።

"ይረፍድብናል እኮ!"

ደግሞ መታ።

"አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? ከዚህ ፍራንሲስታውን በአንድ ሰዓት እገባ ነበር እያልክ ስትፎክር የኖርከው አንተ? መዘግየቱ ተስማምቶህ ነው። እውነቱን ንገረኝ።"

ሞዲሪ ጣቱን ከመስታወቱ ላይ አነሣ። ቃሉን ከየት እንደሚያመጣው የሚፈልግ ይመስል ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

"ቴ..." አለ። "ቴ... ቴቦ።"

ሰጋሜትሲ እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሣች።

ቴቦ የሥራ ጓደኛው ነበር። በአንድ የገና ዋዜማ ሚስቱና ልጆቹ ቤት እየጠበቁት፣ በራሱ ትንሽ መኪና፣ እንዲህ ባለች ቀጭን ጎማ ከፓላፕዬ ሲሮጥ ሄዶ ነው የቀረው። ለቀብሩ ገንፎ ካገነፉት ሴቶች አንዷ ሰጋሜትሲ ነበረች። ያን ቀን ሞዲሪ ከሰው ተለይቶ ከሬሳ መኪናው ጎማዎች አጠገብ ቆሞ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ሲነካ አይታዋለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራም። የመናገር ችግር ያልነበረበት ጊዜም አላወራም።

"እሺ" አለች። "እሺ፣ ሰባ።"

ሞሴትሴን አልፈው መንገድ ዳር አቆመች፤ አራቱንም ፍሬቻ አበራች። ሞዲሪ ወርዶ የግራ እጁን ጀርባ ትንሿ ጎማ ላይ አሳረፈ፣ እንደ ትኩሳት ልጅ ግንባር። ጥቂት ቆየና አንድ ጣቱን አቆመ፤ ትንሽ እንቆይ። አሥር ደቂቃ ቆዩ። እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ለእሷ ከጠዋቱ ሁሉ ይብሱባት ነበር። ስልኳን አወጣች።

"እናቴ፣ የት ናችሁ?" አለች ነርሷ ከዚያ ማዶ። "ስማችሁ ሁለቴ ተጠርቶ አለፈ።"

"ጎማ ፈንድቶብን ነው። እየመጣን ነው፤ በቀስታ ነው የምንሄደው።"

"ሐኪሟ ሰባት ሰዓት ላይ ትነሣለች። ሹፌሯ ውጭ እየጠበቃት ነው።"

"ንገሪያት። እባክሽ የኔ ልጅ፣ ሞዲሪ፣ ያ ሁለት ጊዜ የቀረው፣ በያት።"

"እነግራታለሁ። ግን አትሩጡ። ለሌላ ክፍል እንዳትመጡብን።"

ስልኩን ስትዘጋ ሞዲሪ ሲያያት አገኘችው።

"ፈርተሃል?" አለችው። ይህን ጥያቄ በሰባት ወር አንድ ጊዜ ጠይቃው አታውቅም። ምግብ፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፤ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

"አዎ" አለ።

"ከሐኪሟ?"

በጣቱ አፉን ነካ። ከዚያ እንደሚስቅ ሰው ጥርሱን አሳይቶ በጣቱ ወደ ራሱ ጠቆመ። ይስቁብኛል ማለቱ ነበር።

"እኔም ፈርቻለሁ" አለች። "ጠዋት ከቤት ስንወጣ ጀምሮ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከመሪው ሳላወርደው ስለዋልኩ ነው ያላየኸው።"

ሰቢና መገንጠያው አጠገብ አህዮች መንገዱን ሞልተው ቆመው ነበር። ሰጋሜትሲ ከሩቅ ጀምራ ቀስ እያለች ፍሬን ያዘች፤ ትንሿ ጎማ አልከዳቻትም። አንዱ አህያ ግን መሐል አስፋልት ላይ ቆሞ አያቸው። ሞዲሪ መስኮቱን አወረደ።

"ከመንገድ ውረድ፣ አንተ የማትረባ!"

ጥርት ብሎ፣ በድሮ ድምፁ ወጣ። አህያው ወረደ። ሰጋሜትሲ ሳታስበው ሳቀች፤ እሱም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ገና አርባ ኪሎ ሜትር ይቀራል።

ሆስፒታሉ ግቢ ሲገቡ ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ነበር። የዛሬ ሦስት ወር ሞዲሪ ዞሮ የተመለሰበት በር ላይ ዘበኛው አስታወሳቸውና ምንም ሳይል ሰንሰለቱን አወረደ። ሰጋሜትሲ ደረጃው ሥር አቆመች። ሞዲሪ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ በግራ እጁ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ፣ በቀኝ ጎኑ በትከሻዋ ተደግፎ ወጣ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሰዓቷን ታያለች።

ሐኪሟ ኦናሌና የምትባል ወጣት ሴት ናት። የሥዕል ካርዶችና መጻሕፍት በካርቶን እያሸገች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፤ የሰጋሜትሲን የቆሸሸ ቀሚስ፣ የሞዲሪን አቧራማ ሱሪ።

"ጎማው እናንተ ናችሁ?" አለች።

"እኛ ነን" አለች ሰጋሜትሲ። "ይቅርታ፣ የኔ ልጅ። ከጠዋት ጀምሮ..."

"ይቀመጡ፣ አባቴ።" ካሸገችው ካርቶን ላይ ፕላስተሩን ላጠች። "አርባ ደቂቃ አለኝ። ሹፌሩ ይቆጣኛል፣ ይቆጣ። እናቴ፣ እርስዎም ወንበር ይሳቡ። መጀመሪያ ታሪኩን ከእርስዎ እሰማለሁ። እሳቸው ሲቸግራቸው እርስዎ ይሞሉልኛል።"

ሰጋሜትሲ ወንበሩን ያዘች። ታሪኩ ምላሷ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ጫማው፣ ማለዳው፣ የትኛው ቃል ቀረ፣ የትኛው ጠፋ፣ መድኃኒቱ፣ እንቅልፉ። ለነርስ፣ ለጎረቤት፣ ለቄስ ስትናገረው የኖረችው ነው። ሞዲሪ አላያትም። ጠረጴዛውን እያየ፣ ያቺኑ ጠዋት ጎማው ላይ ያሳረፋትን እጁን በጉልበቱ ላይ ጨብጦ ነበር።

ወንበሩን ወደ ቦታው ገፋችው።

"እኔ ጎማ ልፈልግ" አለች። "በዚያች ትንሽ ጎማ ወደ ቤት አንመለስም።"

"ጎማ ቤቱ እስከ ማታ ክፍት ነው እኮ" አለች ሐኪሟ። "ያለ እርስዎ እንዴት እንግባባለን?"

"ይገባዋል። ሁሉም ይገባዋል። እኔ ነበርኩ ያልገባኝ።" ወደ ባሏ ዞረች። "የፓኮ አባት፣ አሥራ አምስት ነው አይደል የምለው? ለፊትም ለኋላም?"

"አሥ..." አለ። አቆመ። ከንፈሩን አረጠበ። ሰጋሜትሲ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። "አሥራ... አምስት።"

"አሥራ አምስት" አለችና ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች።

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ከበሩ ማዶ የሐኪሟ ድምፅ ተሰማት፦ "እሺ አባቴ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ምን ገጠማችሁ?" ወንበር ተንቋቋ። "ጎ..." አለ ሞዲሪ። "ጎ... ጎ..." ከዚያ በመዳፉ ጠረጴዛውን መታው፤ ያን ምት ታውቀዋለች። እጇ ራሱ ሄዶ የበሩን እጀታ ያዘ። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። በሩን ከፈት አድርጎ መናገር ብቻ ነው፤ አንድ ቃል።

"ጊዜ አለን" አለች ሐኪሟ ከውስጥ።

ሰጋሜትሲ እጇን ከእጀታው አነሣች። የመኪናውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣችና መደገፊያውን ሳትይዝ ደረጃውን ወረደች።